ላባ በቀለበት አይገባም

ሳሪቡላቅ፣ ጁላይ 3

ለአባባ፣

እንዴት ሰንብተዋል? ልብዎስ እንዴት ይዞዎታል? ሐኪሙ ደረጃ እንኳ እንዳይወጡ ከልክሎዎታል ብላ እህታችን ማንሹክ ስትጽፍልኝ፣ ይህን ተራራ ሳያዩት በጋው ሊያልፍ ነው ብዬ አዘንኩ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ከነዳጅ ጉድጓዱ ሥራ የሚመለሰው ኅዳር ላይ ነው። ናርታይ አርባ ቀኑን ጨርሷል። በአራስነቴ ሊረዱኝ የመጡት እማማ ልማዱን አጥብቀው ስለጠበቁ እስከዚያ ድረስ ከቤተሰብ በቀር የማንም ዓይን አላረፈበትም። አሁን የፈለገ ሰው ስጦታውን ይዞ እየመጣ ያየዋል። ግንባሩ የእርስዎ ነው።

ፖስታው ላይ ስምዎን የጻፈው የወተት መኪናው ሾፌር ቶክታር ነው። ምክንያቱን ያውቁታል፤ ምራት የአማቷን ስም በአፏም በብዕሯም አትጠራም። ቶክታር ግን «አንቺ ስንቱን ኮከብ በስሙ የምትጠሪ ሴት፣ አንድ ሽማግሌ መጥራት አቃተሽ?» እያለ ሲስቅብኝ ነበር።

ለቴሌስኮፓችን የሠሩልንን ካሜራ የመጀመሪያ ምስል ለምን እንዳልላክሁ ጠይቀውኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መልካም ዜና ይዤ ልጽፍ ብዬ ነው የዘገየሁት። ማቀዝቀዣው እንደነደፉት ይሠራል፤ ውኃው በቱቦው ውስጥ ያለ ድምፅ ይዞራል። ነገር ግን የካሜራው ዓይን፣ ሴንሰሩ፣ ከዜሮ በታች ሃምሳ ሲደርስ ጠርዙ ላይ ነጭ ውርጭ ይበቅላል፣ ልክ እንደ ክረምት መስኮት። መሃሉ ላይም ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። ምን ይመስልዎታል?

እማማ ሰላም ብለውዎታል። ሰሞኑን ዝምታ አብዝተዋል እንጂ ደህና ናቸው።

ምራትዎ ራውሻን


አክታው፣ ጁላይ 15

ራውሻን ልጄ፣

ካሊማ ዝም አለች ብለሽ ስትጽፊ፣ ሐኪም ጥሩላት ልልሽ ምንም አልቀረኝ። ጆሮዬ ሳይደነቁር በፊት በወሬዋ ብዛት ልደነቁር ነበር። በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ግን ስሜን አንድ ቀን አልጠራችም። ስንጋባ «አንተ ሰውዬ»፣ ስንወልድ «የልጁ አባት»፣ ዛሬ ደግሞ «ሽማግሌው»። እናቴ ከሞተች ወዲህ ስሜን የሚጠራኝ ደመወዝ ከፋይና ሐኪም ብቻ ነው።

ናርታይ ግንባሬን መውረሱ ደስ ብሎኛል። ጆሮዬን ብቻ ይተውልኝ።

ወደ ሁለተኛው ልጄ ልመለስ። ውርጭ ማለት የካሜራው ጓዳ ውስጥ እርጥበት አለ ማለት ነው። ያን ጓዳ ደረቅ ናይትሮጅን ሞልቼ፣ ክዳኑን በጎማ ቀለበት አሽጌ ነው የሰጠኋችሁ። ሦስት ነገር ንገሪኝ። በጎን ባለችው ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ እርጥበት የሚመጥጡት ፍሬዎች ቀለማቸው ምንድን ነው? ሰማያዊ ከሆኑ ገና ጠምቷቸዋል፤ ሮዝ ከሆኑ ጠጥተው ጠግበዋል። ሁለተኛ፣ ቅዝቃዜውን ቀስ እያልሽ ነው ያወረድሽው? የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ በድንገት የበረደ መስታወት ይሰነጠቃል። ሦስተኛ፣ እኔ ካሸግኩት ወዲህ ክዳኑን የከፈተ ሰው አለ?

ይህን ያህል የምጨቀጭቅሽ ያለ ምክንያት አይደለም። የኮከብ ምርምር ተቋሙ አዲስ ኃላፊ ጽፎልኛል። ትሑት ልጅ ነው፣ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ብሎ ነው የጻፈው። ኦክቶበር 8 ሌሊት ያቺ የምትጠብቋት የሰማይ አለት በኮከቡ ፊት ስታልፍ፣ ጥላዋ የሚያርፈው በእናንተ ተራራ ላይ ነው። እስከዚያ ምስሉ ካልጠራ የእኔ ካሜራ ይወርድና በፋብሪካ ካሜራ ይተካል። የፋብሪካውን አልጠላም። ግን እዚያ ስስ አየር ላይ ማራገቢያ ሥራ ፈት ነው፤ በውኃ ማቀዝቀዝ ይሻላል ብዬ ስንት ዓመት ተከራክሬ የሠራሁት ይህ ብቻ ነው። ሌላ የምተወው የለኝም።

ቤይሴን


ሳሪቡላቅ፣ ጁላይ 31

ለአባባ፣

የላኩት የደረቀ ዓሣ ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን። ሽታው ከሁለት ቤት አልፎ ውሾቹን ሰብስቦብናል። ናርታይ ያስነጥሰዋል፣ ከዓሣው ነው ከብርዱ አላወቅንም።

ለጥያቄዎችዎ። ፍሬዎቹ ሮዝ ናቸው። ቅዝቃዜውን ያወረድኩት እርስዎ እንዳስተማሩኝ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ ሳልቸኩል ነው። ስለ ሦስተኛው፣ የቴሌስኮፑ ክፍል ቁልፍ ቤታችን ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው። እኔ አልከፈትኩትም። ጎማ መቼም ጎማ ነው፣ ሊያረጅ ይችላል። ቀለበቱ ይሆን?

የእማማ ዝምታ ጉንፋን ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልለምንዎት። በዚህ ጉዳይ ራስዎን አያስጨንቁ። እርስዎ ጤና ይሁኑልን፣ ካሜራው ይደርስበታል።

ራውሻን


አክታው፣ ኦገስት 14

ራውሻን ልጄ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ፣ ወጥቼ ባሕሩ ዳር ተቀምጬ፣ ተመልሼ እንደገና አነበብኩት።

ፍሬዎቹ እንዲህ በአጭር ጊዜ ከጠገቡ እርጥበት ከውጭ እየገባ ነው። ማንም ካልከፈተው የሚገባው በቀለበቱ ነው። ያን ቀለበት ከጎማው ላይ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ለማንም ያልነገርኩት ነገር ቢኖር፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ስቆርጠው ጥሩ የቆረጥኩ መስሎኝ ነበር። በማጉያ መነጽር ዙሪያውን አይቼዋለሁ። ግን ዓይኔም የእጄ እኩያ ነው፣ እሱንስ ማን ይመነዋል?

ለኃላፊው ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ካሜራውን አውርዱት፣ የፋብሪካውን ስቀሉ፣ ጎኑ ላይ ያለችውንም የስሜን ሰሌዳ ንቀሉልኝ ብዬዋለሁ። እኔን አፍሮ ዝም ከሚል፣ እኔው ራሴ ብለው ይሻላል። ማንሹክ ፖስታ ቤት እንድትወስደው ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው። ያንቺ መልስ እስኪመጣ አቆየዋለሁ፣ በምን በኩል እንዳፈሰሰ ማወቅ ስለምፈልግ ብቻ። እስከዚያ ሥራ መፍታት አልወድም፤ ሌላ ቀለበት እየቆረጥኩ ነው። ሦስቱን አበላሽቼ ጣልኩ።

ለካሊማ እንዳትነግሪያት። እሷ በሥራዬ መኩራት ትወዳለች፣ አፍ አውጥታ ባትለውም። እሱን አልንጠቃት።

አዝኛለሁ፣ ልጄ። ልደብቅሽ አልችልም።

ቤይሴን


ሳሪቡላቅ፣ ኦገስት 26

አባባ፣

ይህን የምጽፈው ቶክታር ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው።

ደብዳቤውን አይላኩት። ቀለበትዎ አላፈሰሰም። ፍሬዎቹን እንዳስተማሩኝ አድርቄ መልሼአቸው ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሰማያዊ ናቸው፣ ውርጩም ቀርቷል። የሚያፈስ ቢሆን መልሰው ሮዝ ይሆኑ ነበር። የቀሩት ነጠብጣቦቹ ብቻ ናቸው።

እርጥበቱ ያኔ ከየት እንደገባ ግን አይጠይቁኝ። የምራት አፍ የማይከፈትበት ነገር አለ፣ እርስዎም ያውቁታል። ባለፈው ጎማ ያረጃል ብዬ በመጻፌ እጄን ይቁረጠው። በእጅዎ ላይ እንዲህ እንደሚፈርዱ መች አሰብኩ?

የነጠብጣቦቹን ምስል አጉልቼ አትሜ ልኬልዎታለሁ። በማጉያዎ ይዩት። ዓይንዎን ይመኑት፣ አባባ፣ እኔ ምንም ልበል ምንም።

ራውሻን


አክታው፣ ሴፕቴምበር 8

ራውሻን ልጄ፣

ማንሹክ ከወጥ ቤት ሮጣ መጣች፣ ልቡ ቆመ ብላ። ሳቄን ነው የሰማችው።

ምስሉን መስኮት ላይ ለጥፌ አየሁት። በክዳኑ መስታወት ላይ ያረፈ አቧራ ከዓይኑ ራቅ ስለሚል ጥላው ትልቅና ደብዛዛ ነው። እነዚህ ግን ትንንሽና ጥርት ያሉ ናቸው፤ እንግዲያው የተቀመጡት ውስጥ፣ የሴንሰሩ መከላከያ መስታወት ላይ ነው። ክብ ናቸው፣ ዳር ዳራቸው ደርቋል። የተረጨ ነገር ነው። ከታች በግራ በኩል ደግሞ አንዲት ቆልመም ያለች ክር አለች። ፀጉር መስላኝ ነበር። በማጉያ ሳያት ከጎንና ከጎኗ ጥቃቅን ጥርስ አላት። ላባ ናት፣ የጉጉት ለስላሳ ላባ።

ልጄ፣ ከሚያፈስ ቀለበት እርጥበት ይገባል። ላባ በቀለበት አይገባም።

ሕፃን በተወለደ ቁጥር የጉጉት ላባ ከሣጥኗ አውጥታ ክፉ ዓይን እንዳያርፍበት የምታስር አንዲት ሴት ብቻ ነው የማውቀው። ካሰረች በኋላ ምን እንደምትልም አውቃለሁ። «እትፍ፣ እትፍ» ነው የምትለው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉ።

ስሟን አንቺ አላነሳሽም፣ እኔም ከአንቺ አልሰማሁም። አማትሽን አላማሽም። ምስሉን ልከሽ ግን እኔን ከራሴ አዳንሽኝ። ሁለቱንም እንዴት አድርገሽ እንደያዝሽው አላውቅም፤ እግዜር ይባርክሽ።

አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው። ለአንድ ቀን ያህል በጣም ተናድጄ ነበር። ግን እጄ ደህና እንደሆነች ካወቅሁ በኋላ ንዴቱ ብዙ አልቆየም። ለኃላፊው የጻፍኩትን ደብዳቤ ቀድጄዋለሁ።

አሁን ስሚኝ። መጀመሪያ ካሜራው ቀስ ብሎ የክፍሉን ሙቀት ያግኝ፤ ገና እንደቀዘቀዘ ከከፈትሽው ያልበዋል። አየሩ ደረቅ በሆነበት ቀን ክፍሉን ዘግተሽ ሥሪ። የሱፍ ሹራብሽን አውልቂ፣ የቧንቧውን ብረት ነክተሽ ጀምሪ፤ የሱፍ ብልጭታ ሴንሰሩን ይገድለዋል። ላባዋን በጎማ መንፊያው አስነሺያት፣ በአፍ እፍ እንዳትዪ፤ የአፍ ነገር ይበቃናል። ከዚያ ንጹሕ አልኮል በጣም በትንሹ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ለእያንዳንዱ ጠረጋ አዲስ ጨርቅ። አትፈትጊ። ስትጨርሺ ናይትሮጅኑን ሙዪበት።

ይህን ደብዳቤ ለካሊማ አንብቢላት። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ፦ ልጄን አሳይታ የተቀበለችው ስጦታ ምንድን ነው?

ቤይሴን


ሳሪቡላቅ፣ ሴፕቴምበር 22

ለአባባ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን አነበብኩላቸው። ወረቀቱን ዘርግቼ መልሼ ሳጥፈው አዩና «አምጪው፣ ክፉም ቢሆን ልስማው» አሉኝ። የእጅዎን ነገር ስደርስ መሐረባቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ብዙ አለቀሱ።

ከዚያ እንዲህ አሉኝ። እንደነገሩኝ አድርጌ እጽፍልዎታለሁ።

«ምን ላድርግ? ከበጋው ግጦሽ የሴቶቹ ጉባኤ ተነሥቶ መጣ፣ ሕፃኑን አሳይን ብሎ። ስጦታ በጃቸው። አርባው አልሞላም። የመጡበትን ሳያዩ ልመልሳቸው? እኔ የማን ልጅ ነኝ?»

«እና እማማ?»

«እናማ ሽማግሌው ራሱ ሁለተኛ ልጄ ይለው የለ? ታናሹ ካልታየ ታላቁ ይታይ ብዬ ቁልፉን አነሣሁ።»

«ክዳኑን እንዴት ፈቱት?»

«አራት ብሎን እኮ ነው። የስፌት መኪና አውልቄ የምገጥም ሴት ይሄ ያቅተኛል? መልሼም አጥብቄ ነው የገጠምኩት። ቀለበቷንም አቧራ እንዳይነካት ንጹሕ ጨርቅ ላይ ነው ያኖርኳት።»

«እትፍ ያለውስ ማነው?»

«ሁላችንም። እንደ እርግብ አንገት ሲያብረቀርቅ ዝም ተብሎ ይታያል? ዓይን ቢያርፍበትስ?»

አባባ፣ አልሳቅም ብዬ ነበር። ሳቅሁ። እሳቸውም እያለቀሱ ሳቁ።

በኋላ ግን ቁም ነገሩን ነገሩኝ። ውርጭ ወጣ ሲባል የሴቶቹ ዓይን ያረፈበት መስሏቸው፣ ማታ ማታ ሲጸልዩለት ነበር። እኔ ያወቅሁት ከግጦሹ ሴቶች አንዷ «የሽማግሌውን ልጅ አየነው፣ ያምራል» ስትለኝ ነው፤ ለጥያቄዎችዎ መልስ ከመጻፌ በፊት። ሁለታችንም እያወቅን አንዳችን ለሌላችን ሳንናገር በጋውን አሳለፍነው። አንድ ምድጃ ላይ ሻይ እያፈላን።

ለዚህ ጥረጋ ፍሬዎቹን ዳግም ያደረቁት እሳቸው ናቸው። ዳቦ መጋገሪያው ፊት ቆመው ማንም እንዳይጠጋ አደረጉ። ቶክታር ገብቶ «ምን እየተጋገረ ነው፣ ቅመሱ አይባልም?» ቢላቸው በማማሰያ አባረሩት።

እኔ እንዳሉኝ ጠርጌዋለሁ። ላባዋ ተነሣች። ነጠብጣቦቹም ለቀቁ፣ ከአንዷ በቀር። እሷን ደጋግሜ ብሞክር መስታወቱን እንዳልጭር ፈራሁና ተውኳት። ኮከቡ በሚያርፍበት በኩል አይደለችም።

ስጦታው አንድ ከረጢት ደረቅ እርጎና ነጭ የሐር መሐረብ ነው። እማማ አንዱንም አልነኩትም። «ለእሱ ልጅ የተሰጠ የእሱ ነው» ብለው ከበጋው መግቢያ ጀምሮ ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበት ነበር። በዚህ ሳምንት ባቡር ይላካል።

ራውሻን


ሳሪቡላቅ፣ ኦክቶበር 10

ለአባባ፣

ምሥራች ነውና ሰላምታውን አሳጥሬአለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።

አይቷል። ካሜራዎ አይቷል።

ከምሽቱ ደመና ነበር፤ እኩለ ሌሊት ላይ ነፋሱ ጠረገው። ማቀዝቀዣው ሃምሳ ላይ ደርሶ ንቅንቅ አላለም። አለቷ በኮከቡ ፊት ስታልፍ ኮከቡ ጥፍት አለ፣ ትንሽ ቆየ፣ ተመለሰ። የብርሃኑ መስመር እንደተቆረጠ ገደል ወርዶ እንደተቆረጠ ገደል ወጣ። ኃላፊው ለብቻው ወጥቶ በረዶው ላይ ሲመላለስ አየሁት፤ ሲመለስ «የፋብሪካውን ካሜራ ነገር እንርሳው» አለኝ።

ሌላም ልነግርዎት የምፈልገው አለ። ከአልማቲ የመጡ እንግዶች ነበሩ። ኃላፊው ውጭ ሳለ አንደኛዋ እንግዳ ወደ እኔ ዞራ «ይህን ካሜራ ከየት አገር ነው ያስገዛችሁት?» አለችኝ። «አልተገዛም፣ የተሠራ ነው» አልኳት። «ማነው የሠራው?» አለች፣ ልትጽፍ ብዕሯን አውጥታ። አፌን ከፈትኩ። የስሙ ቦታ ላይ ስደርስ ተያዝኩ። «የባለቤቴ አባት» ብላት፣ «ስማቸውን ነው የጠየቅኩሽ» አለችኝ። የስም ሰሌዳውን ልጠቁማት ፈለግኩ፣ ግን ካሜራው ላይ፣ ጨለማ ውስጥ ነው። አፈርኩ። እንደ ሕፃን አፈርኩ።

እማማ ናርታይን አዝለው ሻይ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። ትሪውን አስቀመጡ። ስምዎን ጠሩ።

እዚህ ላይ ልጽፈው አልችልም፣ ያውቃሉ። ግን ስምዎን ነው፣ ሙሉውን፣ ከነአባትዎ። እንግዳዋ እየጻፈች «እንደገና ይበሉልኝ» ስትላቸው እንደገና አሉት፣ ቀስ ብለው፣ አንድም ፊደል እንዳያመልጣት። ከዚያ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ።

ቢቆጡኝም ይህን ሳልነግርዎት መቅረት አልችልም።

ራውሻን


አክታው፣ ኦክቶበር 24

ራውሻን ልጄ፣

የብርሃኑን መስመር መስኮት ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ከነጠብጣቦቹ ምስል አጠገብ። ማንሹክ ቤቱን የማስታወቂያ ሰሌዳ አስመሰልከው ትለኛለች። እንዳትነካው አስጠንቅቄአታለሁ። ያቺ የቀረችውን ነጠብጣብ ተዪያት። የተባረከች ናት፣ ማን ያውቃል።

ደረቅ እርጎው ደርሶኛል፤ ጥርሴ አልቻለውም፣ በአፌ እያሟሟሁ ነው የምበላው። መሐረቡን አንገቴ ላይ ነው ያሰርኩት። እኔ ደግሞ ልጅም የልጅ ልጅም በደብዳቤ አይቼ ባዶ እጄን አልቀርም። ለናርታይ አንድ የብር ማንኪያ ልኬአለሁ፣ የእናቴ ነበረች። ለካሜራው ደግሞ አንድ ቀለበት አለ። እጄን ባላመንኩባቸው ሳምንታት የቆረጥኩት ነው፣ አራተኛው። በማጉያ ዙሪያውን እይው፤ እንከን የለበትም። የሚያስፈልግ ነገር አይደለም፣ የመጀመሪያው ደህና ነውና። መሳቢያ ውስጥ አኑሪው። የጉጉት ላባውንም መልሳችሁ እሰሩለት። ከውጭ።

ስለ ስሜ የጻፍሽልኝን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። አርባ ስድስት ዓመት ጠብቄ፣ ሲጠራ እኔ እዚህ ነኝ፣ ጆሮዬም ተዘግቷል። ማንም ሰው እንዲህ ያለ ዕድል ይኖረዋል? ማንሹክ ስታየኝ «ምን ሆንክ?» አለችኝ፤ አልነገርኳትም። ለእሷ የምነግረው ነገር አይደለም።

በረዶው መንገዱን ሳይዘጋው ካሊማ በባቡር ትምጣ። ፊት ለፊቴ፣ ብርሃን ባለበት በኩል ትቀመጥና እንደገና ትበለው። ቀስ ብላ፣ ለእንግዳዋ እንዳለችው። ከንፈር ማንበብ ተምሬአለሁ።

ቤይሴን